ልጅዎ በቤዝቦል ድራፍት ቢመረጥ፦ ከመፈረሙ በፊት ምን ማድረግ ይኖርብዎታል?

በአሜሪካ ኮሌጅ ቤዝቦል የሚጫወት ልጅ ያለው ወላጅ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ አንድ እንግዳ ነገር አለ። በቅርጫት ኳስ ትምህርቱን ሳይጨርስ ወደ ፕሮፌሽናል መግባት የሚፈልግ ተማሪ ስሙን ራሱ ያስመዘግባል። በቤዝቦል ምዝገባ የለም። ደንቡ የሚጠይቀውን ያሟላ ተጫዋች ከ30ዎቹ የሜጀር ሊግ (የቤዝቦል ከፍተኛው ፕሮፌሽናል ሊግ) ክለቦች አንዱ ሳያስፈቅደው ሊመርጠው ይችላል። መመረጡ ግን ልጁን አያስገድደውም። የቀረበለትን ካልወደደና የመጫወቻ ዓመት ከቀረው ወደ ኮሌጁ ተመልሶ ይጫወታል።

ስለዚህ ብዙ ቤተሰብ «መጀመሪያ ይመረጥ፤ ከዚያ ቁጭ ብለን እንመክራለን» ይላል። ደንቡ ይህን ይፈቅዳል፤ ገበያው ግን አይጠብቅም። ዋናው ውሳኔ ያለቀው ድራፍቱ (ክለቦች በየዙሩ ተራ በተራ አዳዲስ ተጫዋቾችን የሚመርጡበት ዓመታዊ ሥርዓት) ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው በአመዛኙ ወረቀት ነው። ቤዝቦል እኛ እግር ኳስና ሩጫ እያየን ላደግነው ሰዎች ባዕድ ጨዋታ በመሆኑ፣ ደውሎ የሚጠይቁት ዘመድ ማግኘትም ይቸግራል። ይህ መመሪያ የተጻፈው ለዚያ ክፍተት ነው።

1. ልጅዎ የትኛው ረድፍ ላይ እንዳለ ይለዩ

በአራት ዓመት ኮሌጅ የሚማር ተጫዋች ለድራፍት ብቁ የሚሆነው ሦስተኛ ዓመቱን ሲጨርስ ወይም 21 ዓመት ሲሞላው ነው። በሁለት ዓመት ኮሌጅ የሚማር ግን በየዓመቱ ሊመረጥ ይችላል። ድራፍቱ ከ2021 ጀምሮ 20 ዙር ሲሆን የሚካሄደውም በጁላይ ወር ነው።

እነዚህ ረድፎች የሚለያዩት በመደራደር አቅም ነው። ክለቡ «እምቢ ካለን ተመልሶ ይጫወታል» ብሎ የሚሰጋው ለሦስተኛ ዓመቱ ተማሪ ነው። ገና ሁለተኛ ዓመቱን ጨርሶ 21 የሞላው ልጅ ሁለት ተጨማሪ ዓመት ስላለው ይበልጥ ይፈራል። አራተኛ ዓመቱን የጨረሰ ተጫዋች ግን ሊመሽ ሲል በጉን ይዞ ገበያ ላይ የቀረ ገበሬ ነው፤ ገዢው የሰጠውን ይቀበላል። ከመጀመሪያዎቹ አሥር ዙሮች መጨረሻ አካባቢ የሚመረጡ ብዙ የአራተኛ ዓመት ተማሪዎች በጥቂት ሺህ ዶላር የሚፈርሙት ከፊታቸው ከተመረጠው ልጅ በችሎታ ስላነሱ ብቻ አይደለም። መሄጃ የላቸውም፤ ክለቡም ይህን ያውቃል።

እዚህ ላይ ከእኛ ቤት አስተሳሰብ ጋር መጋጨት ይመጣል። «ዲግሪውን በእጁ ይያዝና ከዚያ የፈለገውን ይሁን» የሚለው ምክር ሐኪም ወይም መሐንዲስ ለሚሆን ልጅ ጥሩ ነው። ለቤዝቦል ተጫዋች ግን ዋጋ ያስከፍላል። የቀረው አንድ ዓመት ትምህርት በ27 ዓመቱም ሊጠናቀቅ ይችላል፤ የትምህርት ወጪውን ክለቡ እንዲከፍል በውሉ ማስጻፍም ይቻላል። በ21 ዓመት ያለው የመደራደር አቅም ግን በሚቀጥለው ዓመት በቦታው የለም። ይህን ስል ሁሉም ይፈርም ማለቴ አይደለም። ትምህርቱን ለማስጨረስ ብላችሁ ስትመልሱት በምን ዋጋ እንደምትመልሱት እወቁ ማለቴ ነው።

2. የክለቡን ኪስ ይወቁ

ከ2012 ጀምሮ በመጀመሪያዎቹ አሥር ዙሮች ለእያንዳንዱ ተራ የተቆረጠ የዋጋ ተመን አለ። የአንድ ክለብ ተራዎች ተመን ተደምሮ የክለቡ የፊርማ በጀት ይሆናል። ክለቡ ይህን በጀት በተጫዋቾቹ መካከል እንደፈለገ ያከፋፍላል፤ ለአንዱ ከተመኑ ቀንሶ ለሌላው መጨመር ይችላል። በጀቱን እስከ 5 በመቶ ካለፈ በትርፉ ላይ 75 በመቶ ቅጣት ይከፍላል። ከ5 በመቶ በላይ ካለፈ የወደፊት የመጀመሪያ ዙር ምርጫውን ያጣል፤ ይህን ደግሞ ማንም ክለብ አይደፍረውም።

ከፍተኛውን ምሳሌ እንይ። በ2024 የክሊቭላንድ ክለብ ከኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ትራቪስ ባዛናን አንደኛ አድርጎ መረጠው። የተራው ተመን 10.57 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ ባዛና የፈረመው ግን በ8.95 ሚሊዮን ነው። የተረፈው 1.6 ሚሊዮን ዶላር በክለቡ በጀት ውስጥ ቆየ። እንዲህ ያለ ትርፍ ብዙውን ጊዜ ከታች ለሚመረጡ፣ ኮሌጅ እንገባለን እያሉ ለሚያስፈራሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ይውላል። ስለዚህ ልጅዎ «ተመኑ ይኸው ተጽፏል፤ ለምን ያንሰኛል?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ቀላል ነው፤ ተመኑ የክለቡ ሒሳብ መያዣ ነው እንጂ የልጁ ደመወዝ አይደለም።

ሁለት ነገሮች በተለይ ይጠቅማችኋል። አንደኛ፣ በመጀመሪያዎቹ አሥር ዙሮች የተመረጠ ተጫዋች ካልፈረመ ክለቡ የዚያን ተራ ተመን በሙሉ ከበጀቱ ያጣል። ስለዚህ ክለቡ በእነዚህ ዙሮች እንደሚፈርም ያላረጋገጠውን ልጅ ብዙውን ጊዜ አይመርጥም። ሁለተኛ፣ ከ11ኛው ዙር ጀምሮ ተመን የለም፤ ለአንድ ተጫዋች እስከ 150,000 ዶላር መክፈል በጀቱን አይነካም፤ ከዚያ በላይ ያለው ብቻ ይቆጠራል። ስለዚህ 11ኛው ዙር ከዘጠነኛው የተሻለ ሊሆን ይችላል። በዘጠነኛው ዙር በጥቂት ሺህ ከመፈረም በ11ኛው 150,000 መውሰድ ይሻላል፤ ለጎረቤት ሲነገር ግን «ዘጠነኛ ዙር» ያምራል። ለዙሩ ቁጥር ብላችሁ ገንዘብ አትተዉ።

3. ስልኩ ከመደወሉ በፊት ቁጥሩን ይቁረጡ

የዚህ መመሪያ ልብ ይህ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ቢዘሉት ይህን አይዝለሉ።

በፀደይ ወራት ለክለቦች ተጫዋች የሚፈልጉ መልማዮች ቤት ድረስ ይመጣሉ፤ መጠይቅ ያስሞላሉ። በጨዋ ቋንቋ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ «ስንት ቢሰጠው ይፈርማል?» በድራፍቱ ቀን ደግሞ ይኸው ጥያቄ ወደ ደቂቃ ይጠብባል። ስልኩ ይጮኻል፤ በሌላው ጫፍ ያለው ሰው፣ «በስድስተኛው ዙር እንወስደዋለን፤ በ250,000 ይፈርማል?» ይላል። ከኋላው የሰዎች ድምፅ ይሰማል፤ የክለቡ ተራ እየደረሰ ነው። አባት እናትን ያያል፣ እናት ልጇን ታያለች፣ ልጁ መሬቱን ያያል። «ትንሽ እናስብበት» የሚለው መልስ ለክለቡ እምቢታ ነው። ስልኩ ይዘጋል፤ ከአንድ ደቂቃ በኋላ የሌላ ልጅ ስም በቴሌቪዥን ይነበባል።

ስለዚህ ድራፍቱ ሳምንት ሲቀረው ሦስት ሆናችሁ ተቀምጣችሁ አንድ ቁጥር ጻፉ። ከዚህ በላይ ከሆነ ይፈርማል፤ ከዚህ በታች ከሆነ ይመለሳል። ቁጥሩ ከሰማይ አይወርድም፤ በሒሳብ ይሠራል።

በ150,000 ዶላር እንሞክረው። ክለቡ ሲከፍል ለፌዴራል ገቢ ግብር ብዙውን ጊዜ 22 በመቶ ይይዛል፤ 33,000 ዶላር ማለት ነው። የፊርማ ገንዘብ እንደ ደመወዝ ስለሚቆጠር ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር 7.65 በመቶ ይቆረጣል፤ ወደ 11,500 ዶላር። አማካሪው 5 በመቶ የሚወስድ ከሆነ 7,500 ነው። ነዋሪነታችሁ ቨርጂኒያ ከሆነ የግዛቱ ግብር ወደ 8,000 ዶላር ይጠጋል፤ ቴክሳስ፣ ፍሎሪዳ ወይም ዋሽንግተን ግዛት ከሆነ በደመወዝ ላይ የግዛት ግብር የለም። ቨርጂኒያ ውስጥ ላለው ቤተሰብ በእጅ የሚገባው 90,000 አካባቢ ነው። በዓመቱ መጨረሻ ግብሩ ሲተሳሰብ ይህ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል፤ መሠረቱ ግን ይኸው ነው። ክፍያው በሁለት የቀን መቁጠሪያ ዓመታት ተከፍሎ ከተሰጠ ግብሩ ሊቀል ስለሚችል ይህን በድርድሩ ላይ ያንሱ።

አሁን በሌላው የሚዛን ጎን ያስቀምጡ። የቀረው ትምህርት ስንት ይፈጃል? ኮሌጁ ለአራተኛው ዓመት ምን ይሰጠዋል? ተመልሶ ቢጎዳ ወይም ዓመቱ ቢበላሽ በሚቀጥለው ድራፍት ምን ያገኛል? ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ ወላጆች ይዘሉታል፤ ሁልጊዜ የሚያስቡት ልጁ እንደሚሻሻል ነው። ለወርዋሪ፣ ፒቸር ለሚሉት ተጫዋች፣ በተለይ መጥፎውን ዓመት አስቡ። የክርን ጅማት ቀዶ ሕክምና ከአንድ ዓመት በላይ ከሜዳ ያርቃል።

ከተስማማችሁ በኋላ ቁጥሩን አትለዋውጡት። ለአንድ ክለብ 200,000 ብላችሁ ለሌላው 400,000 ካላችሁ መልማዮቹ እርስ በርስ ይነጋገራሉ። በስልክ «እሺ» ብሎ ከተመረጠ በኋላ ቃሉን የሚያጥፍ ልጅ ደግሞ ስሙ ይበላሻል፤ ክለቡ በዚያ ቃል ላይ የቀረውን በጀቱን ደልድሎበታልና።

4. አማካሪ ይያዙ፤ ግን ደንቡን ጠይቀው

በኮሌጅ ያለ ተጫዋች አማካሪ ሊኖረው ይችላል። ኤንሲኤኤ የሚባለው የኮሌጆች የስፖርት ማኅበር ለረጅም ዓመታት ያስከበረው ደንብ ግን አማካሪው ምክር እንዲሰጥ እንጂ ልጁን ወክሎ ከክለብ ጋር እንዲደራደር አይፈቅድም። ይህ መስመር ሲታይ ቀጭን ነው፤ መዘዙ ግን ቀላል አይደለም። የኦክላሆማ ስቴቱ ወርዋሪ አንዲ ኦሊቨር በ2008 ከጨዋታ ታገደ። ምክንያቱ ከሁለት ዓመት በፊት፣ ገና ከሁለተኛ ደረጃ ሲወጣ፣ የሚኒሶታ ትዊንስ ሰዎች ቤቱ መጥተው ሲያነጋግሩት ጠበቃው በቦታው መገኘቱ ነበር። ኦሊቨር ፍርድ ቤት ሄዶ በ2009 ተፈረደለት፤ ኋላም ማኅበሩ 750,000 ዶላር ከፍሎት ጉዳዩ በስምምነት አለቀ። ማሸነፉ መልካም ነው፤ እናንተ ግን በፍርድ ቤት ለማሸነፍ አይደለም የተነሣችሁት።

የኮሌጅ ስፖርት ደንቦች በቅርብ ዓመታት በፍጥነት ተለዋውጠዋል። ስለዚህ በኮሌጁ የስፖርት ክፍል ውስጥ ደንብ የሚያስከብረውን ቢሮ በኢሜይል ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይያዙ። በቃል የተባለ ነገር ችግር ሲመጣ ማስረጃ አይሆንም።

አማካሪ ሲመርጡ ሦስት ነገር ይጠይቁት፦ ባለፉት ሦስት ዓመታት ስንት የሦስተኛ ዓመት ተጫዋቾች እንዳስፈረመ፣ ስንቱን «ተመለስ» ብሎ እንደመከረ፣ ልጁ ካልፈረመ ምን እንደሚያገኝ። የሚከፈለው ልጁ ሲፈርም ብቻ ከሆነ ምክሩ ወዴት እንደሚያዘነብል ግልጽ ነው። ይህ ሰውየውን ሌባ አያደርገውም፤ ግን «ፈርም» ሲላችሁ ለምን እንደሚል ታውቃላችሁ። ማንንም «ተመለስ» ብሎ የማያውቅ አማካሪ ደግሞ አማካሪ ሳይሆን ደላላ ነው።

5. ሕክምናውን አይናቁ

የፊርማ ስምምነት የሚጸናው ልጁ የክለቡን የጤና ምርመራ ሲያልፍ ነው። በ2021 የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲው ወርዋሪ ኩማር ሮከር በኒውዮርክ ሜትስ አሥረኛ ሆኖ ተመረጠ፤ በ6 ሚሊዮን ዶላርም ተስማሙ። ከምርመራው በኋላ ሜትስ ስለ ክንዱ ሰጋና ምንም ሳያቀርብለት ቀነ ገደቡ አለፈ። ሮከር ወደ ቫንደርቢልት አልተመለሰም፤ በ2022 ከሜጀር ሊግ ክለቦች ውጭ በሚካሄድ ሊግ ጥቂት ጨዋታ ወረወረ፤ በዚያው ዓመት ቴክሳስ ሬንጀርስ ሦስተኛ አድርጎ መረጠውና በ5.2 ሚሊዮን ፈረመ። ታሪኩ በደህና አበቃ፤ የሮከር ስም የሌለው ልጅ ግን እንዲህ ያለ ሁለተኛ ዕድል አያገኝም።

ከዚያ ወዲህ ደንቡ ተሻሽሏል። ከድራፍቱ በፊት ለሚደረገው የሊጉ የጤና ምርመራ ተጋብዞ ራሱን ያስመረመረ ተጫዋች፣ የመረጠው ክለብ ቢያንስ የተመኑን 75 በመቶ ሊያቀርብለት ይገባል። ስለዚህ ልጅዎ ከተጋበዘ ይሂድ። የቆየ ሕመም ካለው ደግሞ አይደብቅ፤ ክለቡ በምርመራ ያገኘዋል፤ ያን ጊዜ ዋጋው የሚቀንሰው ስምምነት ላይ ከተደረሰ በኋላ ነው፤ ይህም ይብሳል።

6. ከፊርማው በኋላ ያለውን ኑሮ በዓይንዎ ይዩ

«ፕሮፌሽናል ሆነ» የሚለው ቃል ለብዙ ወላጅ ትልቅ ስታዲየምና ትልቅ ደመወዝ ነው። መጀመሪያ የሚያዩት ግን ፍሎሪዳ ወይም አሪዞና ውስጥ ያለ የክለቡ የልምምድ ማዕከል ነው፤ ጸሐይ፣ ባዶ መቀመጫ፣ ከሀገር ሀገር የመጡ ልጆች። ከዚያ በላይ አራት የማይነር ሊግ ደረጃዎች አሉ፦ ነጠላ ኤ፣ ከፍተኛ ኤ፣ ድርብ ኤ፣ ሦስት ኤ። ከነዚህ ሁሉ በላይ ሜጀር ሊግ አለ። የሚፈርሙት አብዛኞቹ እዚያ አይደርሱም። ይህን ለልጅዎ መንገር ጨካኝነት አይደለም፤ ከርሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ኑሮው ከቀድሞው በእጅጉ ተሻሽሏል። የማይነር ሊግ ተጫዋቾች በማኅበር ተደራጅተው በ2023 የመጀመሪያውን የኅብረት ስምምነት ፈረሙ። በዚያ ስምምነት ዝቅተኛው የዓመት ክፍያ በልምምድ ማዕከል 19,800 ዶላር፣ በነጠላ ኤ 26,200፣ በከፍተኛ ኤ 27,300፣ በድርብ ኤ 30,250፣ በሦስት ኤ 35,800 ሆነ። ከዚያ በፊት የነጠላ ኤ ተጫዋች በዓመት 11,000 ዶላር ያገኝ ነበር። መኖሪያ ቤት ክለቡ ይሰጣል። ይህ ሁሉ ተደምሮ ግን ዋሽንግተን ዙሪያ ታክሲ የሚነዳ ሰው የሚያገኘውን ያህል እንኳ ላይሆን ይችላል። በሜጀር ሊግ ደግሞ የ2025 ዝቅተኛ ደመወዝ 760,000 ዶላር ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው ገደል ነው ልጆቹን በአውቶቡስ ሌሊት ሲያስጉዝ የሚያድረው።

ስለዚህ የፊርማ ገንዘቡን እንደ ሽልማት ሳይሆን እንደ ስንቅ ይዩት። 90,000 ዶላር ለሦስትና ለአራት ዓመት የማይነር ሊግ ኑሮ መደጎሚያ ይሆናል፤ ለቤት ቅድሚያ ክፍያ ካዋላችሁት ግን ልጁ ውድድር በሌለበት በብርዱ ወቅት ሌላ ሥራ ሲሠራ ይገኛል፤ ይህ ወቅት ደግሞ ሰውነቱን የሚገነባበት ጊዜ ነው። ለዘመድ ማከፋፈል የሚባለውንም እዚሁ ዝጉት። «ልጁ ሚሊዮን አገኘ» የሚል ወሬ ከአዲስ አበባ ተመልሶ ሲደውልላችሁ መልሳችሁ ዝግጁ ይሁን።

ሌላው የሚረሳው ጊዜው ነው። ኮሌጅ ውስጥ ያለ ልጅ ሲፈርም ክለቡ ለስድስት የውድድር ዓመታት ይይዘዋል። በእነዚህ ዓመታት ሌላ ክለብ ቢፈልገው እንኳ በፈቃዱ መሄድ አይችልም፤ ከአራት ዓመት በኋላ ግን ክለቡ በ40 ሰው የሜጀር ሊግ ዝርዝሩ ካላስገባው ሌሎች ክለቦች በልዩ ድራፍት ሊወስዱት ይችላሉ። ስለዚህ የሚፈርምለት ክለብ ማንነት ከገንዘቡ ባልተናነሰ ይመዘናል። ወርዋሪዎችን የሚያሻሽል ክለብ አለ፤ የሚያበላሽም አለ። የኮሌጁ አሠልጣኞች ያውቃሉ፤ ይጠይቋቸው።

7. መመለስ ምን እንደሚሰጥ በሐቅ ይመዝኑ

የኮሌጁ ጎን ከዛሬ አሥር ዓመት ጋር አይመሳሰልም። ከጁላይ 2021 ጀምሮ ተማሪ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ ማግኘት ይችላሉ። በ2025 በጸደቀው የፍርድ ቤት ስምምነት ደግሞ የተስማሙ ኮሌጆች ለተጫዋቾቻቸው በቀጥታ መክፈል ጀመሩ። ለቤዝቦል የነበረው የ11.7 ሙሉ ስኮላርሺፕ ገደብም በእነዚህ ኮሌጆች ተነስቶ በ34 ተጫዋቾች የቡድን ገደብ ተተካ። በአንድ ትልቅ ኮሌጅ የሚገኘው ገንዘብ ዛሬ በ15ኛ ዙር የሚሰጠውን ሊያስንቅ ይችላል።

ይህ 34 የሚለው ቁጥር ግን በሁለት በኩል ይቆርጣል። አሠልጣኙ አዲስ ገቢዎችንና ከሌላ ኮሌጅ የሚዘዋወሩትን ቆጥሮ ይጠብቃል፤ የልጅዎ ቦታም ከነዚህ ውስጥ ነው። ከድራፍቱ በፊት ሄዳችሁ በግልጽ ጠይቁ፦ ከተመለሰ ቦታው አለ? ስኮላርሺፑ ስንት ነው? ወርዋሪ ከሆነ በስንት ጨዋታ ይጀምራል? አሠልጣኙ ቁጥር ካልሰጠ፣ «ልጄን እንደ ልጄ ነው የማየው» ቢል፣ መልስ አልሰጠም ማለት ነው።

ስለ መመለስ ሲወራ የማርክ አፔል ስም ይነሣል። የስታንፎርዱ ወርዋሪ በ2012 በፒትስበርግ ስምንተኛ ሆኖ ተመርጦ 3.8 ሚሊዮን ዶላር እምቢ አለ፤ ወደ ስታንፎርድ ተመለሰ፤ በ2013 ሂዩስተን አንደኛ አድርጎ መርጦ በ6.35 ሚሊዮን አስፈረመው። በገንዘቡ ረገድ ውሳኔው ትክክል ነበር። ሜዳ ላይ ግን አልተሳካለትም፤ በ2018 ጨዋታውን አቁሞ ሄደ፤ በ2022 ለፊላዴልፊያ ተመልሶ በ30 ዓመቱ የመጀመሪያውን የሜጀር ሊግ ጨዋታ ተጫወተ። ሰዎች «ተመልሶ እጥፍ አገኘ» ይላሉ፤ የሚዘነጉት አፔል ሁለቱንም ጊዜ ከመጀመሪያዎቹ አሥር ተመራጮች መካከል መሆኑን ነው። የስምንተኛ ዙር ልጅ ከርሱ ታሪክ የሚማረው ነገር ጥቂት ነው።

ለብዙዎች የሚቀርበው ታሪክ የአልበርት ፑሆልስ ነው። ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የመጣው ይህ ተጫዋች በ1999 ከካንሳስ ሲቲ የሁለት ዓመት ኮሌጅ በ13ኛው ዙር በሴንት ሉዊስ ተመረጠ። ክለቡ 10,000 ዶላር ሲያቀርብለት እምቢ አለ፤ የዚያን ዓመት በጋ ካንሳስ ውስጥ በበጋ ሊግ ሲጫወት ዱላው ተናገረለት፤ ክለቡም ወደ 60,000 ከፍ አድርጎ አስፈረመው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሜጀር ሊግ ውስጥ ነበር፤ ሲጨርስ 703 ሆም ራን (ኳሱን ከሜዳው አጥር በላይ የሚያሳልፍ ምት) መትቶ ነበር። እምቢ ያለው መመለሻ ስለነበረው ነው፤ የፈረመው ደግሞ ዋጋው ሲቀርብ ነው። የተቆረጠ ቁጥር የሚያገለግለው ለዚህ ነው።

8. ወረቀቱን ያንብቡ

የማይነር ሊግ ውል አብዛኛው ክፍል ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ ድርድር የሚደረግበት ጥቂት ነው። እነዚህን ይመልከቱ፦ የፊርማው ገንዘብ መጠን፤ የሚከፈልበት ቀን፤ የቀረው ትምህርት በስንት ሴሚስተር፣ በሴሚስተር ስንት ዶላር እንደተጻፈ። የትምህርቱ ክፍል የሚለካው ልጁ ዛሬ በሚከፍለው ሳይሆን ወደፊት በሚያስከፍለው ነው፤ ስኮላርሺፑ እርሱ ሲመለስ አይጠብቀውም። ሙሉውን ዋጋ፣ መኖሪያና መጽሐፍ ጨምረው ይጠይቁ። ለክለቡ ይህ ርካሽ ነው፤ ብዙ ተጫዋቾች ሳይጠቀሙበት ይቀራሉና። ልጁ ጨዋታውን ካቆመ በኋላ ትምህርቱን የሚጀምርበት የጊዜ ገደብም ስላለ ቀኑን ይጻፉት፤ ከክለቡ የሚከፈለው የትምህርት ገንዘብም ግብር እንዳለበት ይወቁ።

ልጅዎ ዜጋ ወይም የግሪን ካርድ ባለቤት ካልሆነና በተማሪ ቪዛ ከሆነ፣ መመረጥ ይችላል፤ ለመጫወት ግን የስፖርተኛ ቪዛ ያስፈልገዋል። ከ2006 ጀምሮ የማይነር ሊግ ተጫዋቾች በፒ-1 ቪዛ መሥራት ይችላሉ፤ ክለቡ ያመለክትለታል። የተማሪ ቪዛው ከፊርማው በኋላ ምን እንደሚሆን ለክለቡ ጠበቃ ብቻ አይተዉት፤ የራሳችሁን የኢሚግሬሽን ጠበቃ አንድ ሰዓት ያናግሩ።

9. ውሳኔው የማን ነው?

የልጁ ነው። ይህን በሐበሻ ቤት መናገር ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ትምህርት ቤት የከፈለ፣ በሌሊት ፈረቃ ሠርቶ በዕረፍቱ ቀን ወደ ውድድር ያመላለሰ አባት «እኔስ?» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን በአውቶቡስ የሚሄደው፣ ሦስት ሳምንት ሳይመታ ቀርቶ ጠዋት ወደ ሜዳ የሚወጣው እርሱ ነው። ሳይፈልግ የፈረመ ልጅ በመጀመሪያው መጥፎ ወር ያቆማል፤ ሳይፈልግ የተመለሰም እንዲሁ። የእናንተ ድርሻ ሒሳቡን መሥራት፣ ጥያቄ መጠየቅና ልጁ ጓደኞቹ ፊት ሊያሳይ የማይፈልገውን ፍርሃት የሚናገርበት ቦታ መስጠት ነው። አንዴ ከብቻው ያናግሩት፤ እናት ለብቻ፣ አባት ለብቻ። የሚለው ቃል ለሁለቱ ተመሳሳይ ካልሆነ ገና አልወሰነም ማለት ነው።

10. ከፈረመ፣ ካልፈረመም

ከተመረጠ በኋላ የሚቀረው ጊዜ አጭር ነው። በ2025 ድራፍቱ ጁላይ 13 እና 14 ተካሄደ፤ የፊርማው ቀነ ገደብ ደግሞ ጁላይ 28 ከሰዓት በኋላ ነበር። በነዚህ ሁለት ሳምንታት ምርመራው፣ ውሉና ጉዞው ይጠናቀቃሉ። ከፈረመ በኮሌጅ ቤዝቦል የመጫወት መብቱ አብቅቷል፤ ወደኋላ መመለስ የለም። ገንዘቡ ሳይገባ በፊት የግብር ባለሙያ ይያዙ፤ ለግብር የሚሆነው በሌላ ሒሳብ ይቀመጥ።

ካልፈረመ ደግሞ ልጁ ራሱ ለመልማዩ ደውሎ ያመስግን፤ እርስዎ አይደውሉለት። መልማዮች ከክለብ ወደ ክለብ ይዘዋወራሉ፤ ዛሬ እምቢ የተባለው ሰው በሚቀጥለው ዓመት በሌላ ክለብ ስም በር ያንኳኳ ይሆናል። ለኮሌጁ አሠልጣኝ በዚያው ቀን ይንገሩት፤ ቦታውን ይዞ እየጠበቀ ነው። ሌላው፣ አንድ ክለብ መርጦት ያልፈረመለትን ተጫዋች በቀጣይ ድራፍት እንደገና ሊመርጠው የሚችለው ተጫዋቹ ከተስማማ ብቻ ነው። በመከር ወቅት እንዲህ ያለ የስምምነት ወረቀት ይዘው ቢመጡ ልጅዎ ሳያነብ አይፈርም፤ የቀደመው ክለብ ዝቅተኛ ዋጋ ሲያቀርብለት የነበረ ከሆነ ፈቃዱን መከልከል በእጁ ያለ መብት ነው።